የድምፅ መልክ

በሐይቅ ከተማ ጧት ከውኃው የሚነሣው ጉም ከሰው ሁሉ ቀድሞ ትምህርት ቤት ይደርሳል። በመስኮት ገብቶ በአራተኛ ክፍል ወንበሮች መካከል ጥቂት ያርፍና፣ ፀሐይ ከፍ ስትል ማንንም ሳይሰናበት ይሄዳል። መምህር አስረስ ያችን ሰዓት ይወዷት ነበር፤ ለማንም ግን ተናግረው አያውቁም። ዕድሜ ልካቸውን ሰዋስው ያስተማሩ፣ ክራቫት ሳያስሩ ከደጃቸው ወጥተው የማያውቁ ሰው፣ ጉም እወዳለሁ ብለው ለማን ይናገራሉ?

በዚያ ዓመት ሥዕልና ዜማ የሚያስተምር ጠፋና የክወናና የዕይታ ጥበባት ትምህርት በእርሳቸው ላይ ወደቀ።

«ጋሽ አስረስ፣ ጡረታዎ እስኪደርስ በቀለም ይጫወቱ እንጂ» አለቻቸው የሳይንስ መምህርቷ ኢቲሳም እየሣቀች።

«እኔ ቀለም የቆጠርሁ እንጂ ቀለም የበጠበጥሁ ሰው አይደለሁም» አሏት።

ይሁን እንጂ የተቀበሉትን ሥራ ችላ ማለት ልማዳቸው አልነበረም። የሱቅ ቀለም ስላልነበረ ልጆቹ እርድ፣ ከሰል፣ ቀይ ሥርና የገደል አፈር ከየቤታቸው አመጡ። የመፋቂያ ጫፍ አኝከው ብሩሽ አበጁ፤ ያለፈበትን የቀን መቁጠሪያ ገልብጠው ወረቀት አደረጉት።

ሰኞ ዕለት «እናታችሁን ሣሉ» ብለው አዘዙ። መፋቂያው ወረቀቱን ሲዳብስ ከሩቅ እንደሚመጣ ካፊያ ይሰማ ነበር።

«ጋሼ!» ሲል ሰዑድ ጮኸ፤ የማያርፍ ልጅ ነው። «ዑምኩልሱም ባዶ ወረቀት ይዛ ተቀምጣለች! እናቷ ጉም ውስጥ ጠፍታባት ይሆናላ!»

«አንተ መጀመሪያ የእናትህን ጆሮ ከግንባሯ ላይ አንሣላት» አሉት።

ክፍሉ በሣቅ ፈረሰ። ዑምኩልሱም ግን አልሣቀችም። ደወል ሲደወል አስቀሯት።

«ምነው ልጄ፣ ለምን አልሣልሽም?»

«መልኳን አላውቀውም፣ ጋሼ።»

እናቷ አሚናት ጅዳ ለሥራ የሄደችው ልጅቱ ጡት በጣለች ሰሞን ነበር። ያደገችው ከአያቷ ከባድሩ ዘንድ ነው፤ የባድሩ ስልክ ደግሞ ባለ ቁልፍ ናት፤ ድምፅ እንጂ መልክ አታመጣም።

«ፎቶስ የላትም?»

«የፓስፖርቷ አለ። ከዚያ የመጡ ሰዎች ግን ‹አሁንማ ሌላ ሰው ሆናለች› ይላሉ።» ልጅቱ የወረቀቱን ጥግ አጠፈች፤ መልሳ ዘረጋች። «ጁሙዓ ትመጣለች። አባባ ባድሩ ‹ከመኪና ስትወርድ ሮጠሽ ትጠመጠሚባታለሽ› አለኝ። ሁሉም እኮ ጥቁር አባያ ለብሰው ነው የሚወርዱት! የቷ ላይ ልሩጥ? ሌላ ሴት ባቅፍና ብታየኝ፣ ወላሂ፣ ተቀይማ ትመለሳለች።»

መምህር አስረስ የወረቀቱን ጥግ በመዳፋቸው አቃኑላት። «አብሽሪ፣ አይዞሽ» አሏት።

በዚያ ምሽት ወደ ቤታቸው የሄዱት በሐይቁ ዳር ነው። ፀሐይ ልትጠልቅ ዘቅዝቃ ውኃው የእርድ ቀለም ለብሷል። ከወዲያ፣ ከሐይቅ እስጢፋኖስ በኩል፣ የካህናት ዜማ እየቀጠነ በውኃው ላይ ይመጣል። በልጅነታቸው ዜማ የተማሩት እዚያ ነበር። ከፊደሉ ራስ በላይ የሚቀመጡት ጥቃቅን ምልክቶች ትዝ አሏቸው፦ ድምፁን የሚያነሣው ቅናት፣ ዝቅ የሚያደርገው ድፋት፣ እንደ ጠብታ የሚያንጠባጥበው ርክርክ፣ የሚያቆመው ቁርጥ። ዳክዬዎቹ በሞገዱ ላይ ተሰድረው ነበር፤ አንዷ ከፍ፣ አንዷ ዝቅ ትላለች። እየቆዩ ሲያዩአቸው ሐይቁ የተገለጠ ብራና፣ ዳክዬዎቹም ምልክቶቹ መሰሏቸው፤ አንድ ሰው ከውኃው ሥር ሆኖ በቀስታ የሚያነብበው መሰላቸው። ቤታቸው መቼና እንዴት እንደ ደረሱ አላስታወሱም።

ረቡዕ ክፍል ገቡና «ዛሬ የሚታይ ነገር አንሥልም» አሉ። «ድምፅ እንሥላለን። ዓይናችሁን ጨፍኑ።»

ከዚያ ማንም ከእርሳቸው ያልጠበቀውን አደረጉ። የአምባሰልን ቅኝት ማንጎራጎር ጀመሩ፤ ከተራራው አናት ተነሥቶ እንደ መንገደኛ እየተጠማዘዘ ቁልቁል የሚወርደውን ዜማ።

«ጋሼ፣ ሠርግ አለ እንዴ?» አለ ሰዑድ።

«አለ፤ አንተ ግን አልተጠራህም። ጨፍን!»

ልጆቹ ዓይናቸውን እንደ ጨፈኑ እጃቸውን ለቀቁት። በየወረቀቱ ላይ መንገድ፣ ወንዝ፣ የተፈታ ክር የሚመስል መሥመር ወረደ። ዑምኩልሱም እጇን አወጣች።

«ጋሼ፣ እንደ መድ ነው? ቁርኣን ስንቀራ ፊደሉ ላይ ሞገድ ካለ ድምፁን እናስረዝማለን።»

«እንደ እርሱ ነው ልጄ። እኛም ዘንድ አለ፤ ስሙ ብቻ ነው የሚለየው። እንግዲህ እናትሽን ሣያት።»

ልጅቱ እርዱን ነክራ ዓይኗን ጨፈነች። መሥመሩ ከታች ተነሣ፤ እናቷ በስልክ «ዑሚዬ» ብላ የምትጠራት ላይ ሲደርስ እንደ ወፍ ብድግ አለ፤ ሣቁ ላይ ተንጠባጠበ። ከዚያ መንቀጥቀጥ ጀመረና ተቋረጠ። ከዚያ በኋላ ያለው ወረቀት ባዶ ነበር።

«እዚህ ላይስ?»

«ኔትወርኩ ይቆረጣል። ሁልጊዜ ድምፅዋ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ነው የሚቆረጠው።»

መምህር አስረስ የምትቆርጠው ልቅሶዋን የምትደብቅ እናት እንጂ ኔትወርክ እንዳልሆነ ገባቸው።

ዓርብ ባድሩ ወደ ጁሙዓ ሶላት ሲሄዱ «ጋሽ አስረስ፣ ልጅቱን ይዘውልኝ ይቆዩ፤ መኪናው እስኪመጣ እደርሳለሁ» ብለው አደራ ሰጧቸው። መኪናው ግን ቀደመ። ከደሴ የመጣው ሚኒባስ ከአስፋልቱ ዳር ቆመና ጥቁር አባያ የለበሱ ሴቶች ተራ በተራ ወረዱ። ሁሉም በሰው ራስ ላይ አሻግረው የሚጠብቃቸውን ይፈልጋሉ፤ ከወገባቸው በታች ያለችውን ልጅ ያየ የለም።

ዑምኩልሱም የመምህሩን ኮት ጨመደደች። «የቷ ናት፣ ጋሼ?»

«እኔም አላውቃትም። ዓይንሽን ጨፍኚ።»

ጨፈነች። ኮታቸውን ለቅቃ፣ ጠቅልላ የያዘችውን የረቡዕ ሥዕል ዘርግታ ጣቷን ከመሥመሩ መነሻ ላይ አኖረች። ባጃጁ ይጮኻል፤ አንዷ ሴት በስልክ ትቆጣለች። ጣቷ አልተንቀሳቀሰም። ሌላዋ የምታውቀውን ሰው ጠራች። ጣቷ አሁንም አልተንቀሳቀሰም።

«ኧረ ቀስ አድርገህ አውርደው፣ ወንድሜ! ብርጭቆ አለበት!»

ጣቷ ከታች ተነሥቶ «ወንድሜ» ላይ ብድግ አለ።

«እህት ዓለም፣ ሐይቅ ላይ ብርጭቆ ጠፍቶ ነው ከሳዑዲ የተሸከምሽው?» አለ ረዳቱ ከሚኒባሱ ጣሪያ ላይ ሆኖ።

ሴትዮዋ ሣቀች። ሣቁ ተንጠባጠበ፤ ጣቱም አብሮት ተንጠባጠበ። ያን ጊዜ ልጅቱ ከመምህሩ ጎን ራቀች። እንደ ጨፈነች፣ አንድ እጇን ወደፊት ዘርግታ፣ በሻንጣዎቹ መካከል በጉም ውስጥ እንደሚሄድ ሰው ሄደች፤ የአንዲት አባያ ጫፍ ያዘች።

ሴትዮዋ ዝቅ ብላ አየቻት።

«ዑሚዬ?» አለች፤ ድምፅዋ ተንቀጠቀጠ። የልጅቱ ጣት አባያውን ለቅቆ ወደ ወረቀቱ ተመለሰ፤ ከመሥመሩ ጫፍ ደርሶ ቆመ።

ድምፁ አልተቋረጠም። ሴትዮዋ ተንበርክካ፣ ማንንም ሳታፍር፣ ድምፅዋን አውጥታ አለቀሰች። የልጅቱ ጣት ባዶውን ወረቀት ተሻግሮ፣ ከጠርዙ ወርዶ፣ በአባያው እጅጌ ላይ ወደ ላይ ሄደ፤ እርጥብ ጉንጭ ላይ ደረሰ።

«ግለጪ እንጂ ዓይንሽን፣ የኔ እናት! እዪኝ!»

«ቆዪ፣ እማ» አለች ዑምኩልሱም እንደ ጨፈነች። «ትንሽ ተናገሪ።»