ያልጠፋው ፎቶ

ልብስ ሰፊዋን ሰፈሩ «አትስቴ» ይላታል፤ ልክ አትስትማ። አንዴ በሜትር የለካችውን ትከሻ ከዓመት በኋላም በቃሏ ትናገራለች። ሱቋ ጠባብ ናት፤ ሁለት የስፌት መኪና፣ አንድ የመቁረጫ ጠረጴዛ፣ ቁመት ሙሉ የሚያሳይ መስታወትና በመጋረጃ የተከለለች የመለኪያ ጥግ አላት። ሴቶቹ እዚያች ጥግ ውስጥ የማያሳዩት የላቸውም። የወፈረችው፣ የከሳችው፣ እርግዝናዋን ገና ለባሏ ያልነገረችው ሳትቀር ትቆምላታለች። እሷም አንድ ቀን ያየችውን አውርታ አታውቅም፤ ሆዷ ሰፊ ነው።

ስልኳ ግን እንደሷ አልነበረም። ደንበኞቿ የተሰፋላቸውን ለብሰው ከፊትና ከጎን ፎቶ ይነሱና «እዚህ ጋ ይስበኛል» እያሉ ይልኩላታል፤ አንዱንም አታጠፋም። ለሁሉ ነገር የምትጠቀመው የይለፍ ቃል አንድ ነው፤ እሱንም እንዳትረሳው ጽፋ የስፌት መኪናው ላይ ለጥፋዋለች። አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ኮምፒውተር የምትጠግነው የወንድሟ ልጅ በመጣች ቁጥር ወረቀቱን እያየች ራሷን ትነቀንቃለች። መልእክት መላላኪያው ላይ ሁለተኛ የይለፍ ቃል እንድታበጅለት ስንቴ ለምናታለች። አትስቴ «ይሁን፣ ነገ» ትላለች፤ ነገም አይመጣም።

አንድ ሰኞ ረፋድ ላይ የአንዲት ሙሽራን ቀሚስ ጠርዝ እያስተካከለች ነበር። ተንበርክካለች፤ ከንፈሯ መሃል አራት ስፒል ነክሳለች። ስልኳ ጮኸ። የአብሮ አደጓ መልእክት ነበር፦ ልጄ የሥዕል ውድድር ገብታለችና ድምፅ ስጪልን፣ አሁን የሚደርስሽን ስድስት ቁጥር መልሰሽ ላኪልኝ ትላለች። ቁጥሩ ወዲያው ከተፍ አለ። ከሥሩ «ለማንም አይስጡ» የሚል ጽሑፍ ነበረበት፤ አትስቴ ግን ዓይኗ ቁጥሩ ላይ እንጂ ጽሑፉ ላይ አልነበረም። በአንድ እጇ ጠርዙን እንደያዘች በሌላው አውራ ጣት ላከችው። የአብሮ አደጓ ስልክ ከዋዜማው ጀምሮ በሌባ እጅ እንደነበር ያወቀችው በኋላ ነው።

ሙሽራዋ ሳትወጣ መልእክት መላላኪያው ስልኳ ላይ ተዘጋባት። ኔትወርክ ነው ብላ ተወችው። ምሳ ሰዓት ላይ ግን ደንበኞች ይደውሉላት ጀመር፤ «ምን ቸግሮሽ ነው ገንዘብ ላኪልኝ ብለሽ የጻፍሽልኝ?» ይሏታል። የምትይዘው የምትጨብጠው ጠፋት። የወንድሟ ልጅ ሥራዋን ጥላ እየሮጠች መጣች፣ ስልኩን ተቀብላ ብዙ ሞከረች፣ መጨረሻ ላይ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«አንቺ ያላበጀሽውን ሁለተኛ የይለፍ ቃል ሌባው አበጅቶበታል» አለች። «ለማስመለስ አንድ ሳምንት መጠበቅ ነው፣ አክስቴ።»

«እስከዚያ ውስጡ ያለውን ያያል?»

«ሁሉንም።»

አትስቴ በርጩማው ላይ ቁጭ አለች። አንዲት የሒሳብ መምህርት ትዝ አለቻት።

መምህርቷ በሕመም ምክንያት ግራ ጡቷን ካስወጣች ሁለት ዓመቷ ነው። ከሐኪሟና ከእህቷ በቀር የሚያውቅ አልነበረም፤ ሦስተኛዋ አትስቴ ነበረች። ለብሳው ክፍል ስትገባ ማንም ምንም እንዳይጠረጥር ከውስጥ በኩል በስስ ስፖንጅ የተሞላ ቀሚስ ሰፍታላታለች። ገበሩ አልቀመጥ ሲል ግን አትስቴ ራሷ ናት ያለ ቀሚስ ከጎን የተነሳ ፎቶ ይላኩልኝ ያለቻት። መምህርቷ አንድ ቀን ሙሉ አመንትታ ላከችው። «አይተሽ አጥፊው» አለቻት። አትስቴም «ወዲያው» ብላ መለሰች። ቀሚሱ አማረ፤ ፎቶው ተረሳ።

ምናልባት ሌባው አያየው ይሆናል አለች የወንድሟ ልጅ፣ ልታጽናናት። ከሺህ ፎቶ መሃል ማን ይፈልገዋል? አትስቴም ለአፍታ ያን ማመን ፈለገች። ዝም ብትል ማንም ምንም ላይሰማ ይችላል። ነገር ግን እጇ ክር እንኳ አልሰካ አላት። ሱቁን ዘግታ በእግሯ ትምህርት ቤቱ ድረስ ሄደች።

መምህርቷን ያገኘቻት የተማሪ ደብተር ታቅፋ ከክፍል ስትወጣ ነው። ወደ ደረጃው ሥር ገለል አደረገቻትና ከስድስቱ ቁጥር ጀምራ የሆነውን ሁሉ ነገረቻት።

«ፎቶውን አጥፍተሽው የለም እንዴ?» አለች መምህርቷ።

አትስቴ አንገቷን ደፋች። «አላጠፋሁትም። ረስቼው ነው። ይቅር ይበሉኝ።»

መምህርቷ ደብተሮቹን አስተካክላ ያዘች። «እኔ ለመላክ አንድ ቀን ሙሉ ተጨንቄያለሁ» አለች። «አንቺ ለማጥፋት ምን ያህል ይፈጅብሽ ነበር?» መልስ ሳትጠብቅ ደረጃውን ወጣች።

በማግስቱ ሌባው ለመምህርቷ ጻፈላት። ፎቶውን ላከና ካልከፈልሽ ለትምህርት ቤቱ ሰው ሁሉ ይደርሳል አላት። ቀድማ ስለሰማች አልደነገጠችለትም፣ አልመለሰችለትምም፤ መልእክቱን እንዳለ ይዛ ፖሊስ ጣቢያ ሄደች። ከዚያ አስተማሪዎቹ ክፍል ገብታ ሁለት ዓመት የደበቀችውን ሕመሟን በራሷ አፍ ተናገረች፤ ሌባ ከሚነግርባት ብላ። ፎቶው ለሦስት ባልደረቦቿ ደረሰ። ሦስቱም ሳናየው አጠፋነው አሉ። እውነት ይሁን አይሁን ማን ያውቃል።

አትስቴ ሳምንቱን ሙሉ ደንበኞቿን አንድ በአንድ እየደወለች ስታስጠነቅቅ ከረመች። አንዳንዶቹ አይዞሽ አሏት፣ አንዳንዶቹ ጨርቃቸውን ወሰዱ። በስምንተኛው ቀን መላላኪያው ተመለሰ። የወንድሟ ልጅ አጠገቧ ተቀምጣ ለእያንዳንዱ ነገር የተለያየ የይለፍ ቃል አበጀችላት፣ ሁለተኛውንም ጨመረችበት፤ ወረቀቱም ከመኪናው ላይ ተነሳ። ማንም፣ የእናቷ ልጅ እንኳ ብትሆን፣ ኮድ ላኪልኝ ካለቻት መጀመሪያ ደውላ ድምፅ መስማት እንዳለባት አስተማረቻት። ፎቶዎቹን አትስቴ ራሷ አጠፋች፣ አንድ በአንድ፣ ግማሽ ቀን ፈጀባት። አሁን ልብስ የሚስባትን ሴት «ሱቅ ድረስ ነይና በእጄ ልየው» ትላታለች። ሌባው እስከ ዛሬ አልተያዘም።

ከሦስት ወር በኋላ መምህርቷን ታክሲ መጠበቂያው ጋ አገኘቻት። አዲስ ቀሚስ ለብሳለች፤ ሌላ ሰው የሰፋው ነው። በግራ በኩል ጨርቁ ገብቷል፣ ስፌቱም ወደ ብብቷ ይጎትታል። አትስቴ ከሩቅ አየችው።

ሰላም ተባባሉ። መምህርቷ ጤንነቷን ጠየቀቻት፣ ሥራ እንዴት ነው አለቻት፣ ክፉ ቃል አልወጣትም። ከዚያ የአትስቴ ዓይን የት እንዳረፈ ስላየች ቦርሳዋን ወደ ግራ ትከሻዋ አዛወረች።

«ሌላ ቦታ ነው ያሰፋሁት» አለች።

«ያምርብዎታል» አለች አትስቴ።

ታክሲው መጣ። መምህርቷ ገባች፣ መስኮቱ ጋ ተቀመጠች፣ ፊቷን ወደ መንገዱ አዞረች።