ጆንያው ሳይፈታ

እታፈራሁ ጆንያዎቿ ላይ ተቀምጣ አልነሳም አለች። ጆንያዎቹ ከሽንፋው ማኅበራችን መጋዘን ወጥተው ከጭነት መኪናው አጠገብ ተደርድረዋል። ሊጫኑ ነው። ውስጣቸው ያለው ሰሊጥ ግን የሚሸጥ አልነበረም፤ ዘር ነው። አባቷ ከደጋ ወርደው ይህን መሬት ከመነጠሩ ጀምሮ በየዓመቱ እየተመረጠ የቆየ፣ ታጭዶ ሊደርቅ በሂላ፣ ነዶው ተደጋግፎ፣ ሲቆም ፍሬው ቶሎ የማይረግፍ ሰሊጥ። ቤቷ አይጥ ስላስቸገራት እስከ ክረምት እኛ ዘንድ አስቀምጣው ነበር። ይህ ከሄደ ሌላ የላትም።

እኔ የመጋዘኑ ጠባቂ ነኝ። የቱ ጆንያ እንደሚወጣ ለጫኞቹ የሚነግራቸው ስልክ ነው። የስልኩን ፕሮግራም የሠራችው ጸዳለ ናት፤ የሽንፋ ልጅ፣ ጎንደር የምትሠራ፣ ሰሊጥ ሲገባ የምትመጣ፤ ያን ቀንም እዚሁ ነበረች። የእታፈራሁ ጆንያዎች ላይ «ለዘር» የሚል ምልክት እንደነበረ በዓይኔ አይቻለሁ። የማኅበሩ ሊቀ መንበር ወንድማገኝ ጠዋት ስልኩ ላይ የነካው የእርጥበቱን ቁጥር ብቻ ነው። ሰሊጡ ስለደረቀ አዲሱን ልክ አስገባ። ምልክቱ አብሮ ጠፋ።

ወንድማገኝ ሊያባብላት ሞከረ። ዘር መሆኑን እኔ አውቃለሁ፣ ወደ ቦታው ይመለስልሻል አላት። እሷም ቃሉን እንደምታምን፣ ጫኞቹ ግን ነገም የሚሰሙት ስልኩን እንጂ እሱን እንዳልሆነ ነገረችው። ሹፌሩ ከነጆንያው ልጫናት ወይ ብሎ ቀለደ።

«ጫነኛ፤ ጎንደርን ካየሁ ቆይቻለሁ» አለችው።

ጸዳለ ከራኩባው ጥላ ሥር ላፕቶፗን ከፈተች። አጠገቧ ቆምኩ። ፊደሉ የፈረንጅ ነው፣ አላነበውም። ቅርጹን ግን አያለሁ። መስመሮቹ ወደ ውስጥ፣ ወደ ውስጥ እየገቡ ይሄዱና መልሰው ይወጣሉ። ምን እንደሆነ ጠየቅኋት።

መጋዘን ውስጥ ክምር አለ፣ ክምር ውስጥ ጆንያ፣ ጆንያ ውስጥ ደግሞ እርጥበት ብላ ገለጸችልኝ። ይህ ፕሮግራም የተጻፈውን አይሰርዝም። እርጥበት ሲቀየር አዲስ ጆንያ ይጽፋል፣ እሱን የያዘ አዲስ ክምር፣ ክምሩን የያዘ አዲስ መጋዘን። በየደረጃው የነበረው ሁሉ አንድ በአንድ ወደ አዲሱ መገልበጥ አለበት። የዘር ምልክት የተጨመረው ዘግይቶ ነው፤ እርጥበት የሚታረምበት ቦታ ላይ እሱን ማስገልበጥ ረስታለች።

እዚያው ለምን አይሰረዝም አልኳት። ሁለት ሰው በሁለት ስልክ ሲያይ፣ አንዱ ግማሹ ብቻ የተለወጠ ነገር እንዳያገኝ ነው አለችኝ።

የተረሳውን ጨምራ ትዘጋዋለች ብዬ ነበር። አልዘጋችውም። ረጅሙን ሁሉ ማጥፋት ጀመረች። በምትኩ የገቡት አጫጭር መስመሮች ናቸው። አንዱ ክምሩን ከመጋዘን ለይቶ ያሳያል፣ ተለውጦ ሲመጣም ሌላውን ሳይነካ ቦታው ያስገባዋል። አንዱ ጆንያን ከክምር፣ አንዱ እርጥበትን ከጆንያ። ከዚያ ጫፍ ለጫፍ ታያይዛቸዋለች። ሌንስ ይባላሉ አለች።

ከግድግዳው ላይ መውጊያውን አወረድኩ። ጫፉ ሹል፣ ሆዱ ክፍት ብረት ነው፤ ጆንያ ሳንፈታ ከመሐሉ ናሙና እናወጣበታለን።

«እንደዚህ ነው?»

ተቀብላ አገላበጠችው። «ግማሹ እንደዚህ ነው፣ ጋሼ ደረበ። ይሄ ያወጣል። የእኔ መልሶም ያስገባል።»

የሚያስገባ መውጊያ አይቼ አላውቅም። ቆሜ አሰብኩት።

ስትጨርስ ስልኮቹ አዲሱን እስኪቀበሉ ጠበቅን። «ለዘር» የሚለውን ከቀድሞው ጽሑፍ አምጥታ መለሰችው። እታፈራሁ አላመነችም። ወንድማገኝ እርጥበቱን አሳስቶ እንዲያስገባ፣ ከዚያ እንዲያርመው አዘዘችው። አደረገ። ምልክቱ አልተነቃነቀም። ሌላ ጆንያ ላይም አስደገመችው። ያም እንዳለ ነው።

ከዚያ ጸዳለን ጠየቀቻት። «የድሮውን ካመጣሽው የጠዋቱም አለ ማለት ነው? ዘር አይደለም የሚለው?»

«አለ፣ እትዬ። የተጻፈ አይጠፋም። ጫኞቹ የሚያዩት ግን አዲሱን ብቻ ነው።»

እታፈራሁ ስልኩን አየች፣ መኪናውን አየች።

«እንግዲያስ መኪናው እስኪሄድ እዚሁ ነኝ።»

የሌሎቹ ሰሊጥ ተጭኖ መኪናው እስኪሄድ አልተነሳችም። አቧራው ሲበርድ ቀሚሷን አራግፋ ቆመች፤ ጆንያዎቿን አንድ ላይ ወደ ውስጥ መለስን። መውጊያውን ከመስቀሌ በፊት፣ እሷን አስፈቅጄ አንዱን ወጋሁና ሰሊጡን በመዳፌ አየሁት። ነጭ ነው፣ ደርቋል። በወጣበት ቀዳዳ ልመልሰው ሞከርኩ።

ጥቂቱ ገባ።