ሳይጠራ የቀረው ስኮላርሺፕ

በዚያች የነብራስካ ከተማ ሰው የሚመዘነው በተመራቂዎች የሽልማት ምሽት ነው። የልጁ ስምና ያገኘው ስኮላርሺፕ ሲጠራ ቤተሰቡ ከመቀመጫው ይነሳል፤ ልጁ መድረክ ላይ የሰጪውን እጅ እስኪጨብጥ ድረስም አይቀመጥም። ማን ለማን እንደቆመ ለዓመታት ይወራል። ቨርሊን ይህን ምሽት ሲናፍቅ ነው የኖረው። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ልጁን ኮርቢንን ያሳደገው ብቻውን፣ የወተት ቦቴ እየነዳ ነው። ልጁ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባው ስኮላርሺፕ ማግኘቱን ሲሰማ፣ የምን እንደሆነ እንኳ ሳይጠይቅ፣ አብረውት በበጎ ፈቃድ እሳት የሚያጠፉትን ጓደኞቹን በሙሉ ጠራ።

“ከተማው ቢቃጠል እንኳ ከወንበራችሁ ንቅንቅ የለም!” አላቸው።

ኮርቢን ግን ጭንቅ ይዞታል። ስኮላርሺፑ የሚሰጠው ለተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪ ተማሪዎች ነበር፤ ስሙም ይህንኑ ሳይሸፋፍን ይናገራል። አባቱ ደግሞ ምንም አያውቅም። በሽልማቱ ዕለት ከሰዓት በኋላ ቦቴውን ሲያጥብ አገኘው።

“አባዬ፣ ያ ስኮላርሺፕ እኮ... እንደኔ ላሉ ልጆች ነው።”

“እንዳንተ ላሉ ጎበዞች። መቼ ጠፋኝ!”

“አይደለም። ወንድ ለሚወዱ ወንዶች። እኔ እንደዚያ ነኝ፣ አባዬ።”

ቨርሊን የውሃውን ጎማ እንደያዘ ቀረ። ውሃው ጫማው ላይ ይወርዳል፤ ልብ አላለውም።

“ታዲያ ማታ በሰው ፊት ሊጠሩት ነው?”

“አይጠሩትም። ወይዘሮ ቶርሰንን ለምኛታለሁ።” ወይዘሮ ቶርሰን የትምህርት ቤቱ አማካሪ ናት፤ ስም የምትጠራውም እሷው ነች። “ጓደኞችህ ፊት እንዳታፍር ብዬ ነው።”

“እኔ? እኔ እንዳላፍር?”

“አዎ።”

ቨርሊን ውሃውን ዘጋ። ሊናገር አፉን ከፈተና “ሸሚዜን ልተኩስ” ብሎ ወደ ቤት ገባ። ለኮርቢን ቢጮህበት ይሻለው ነበር። ዝምታ ክፉ ነው፤ ሰው የፈራውን ሁሉ ይሞላበታል።

ማታ ጂምናዚየሙ ጢም ብሎ ሞላ። ኮርቢን ከተመራቂዎቹ ጋር መድረክ ላይ ተቀምጧል። አባቱ በእሳት አጥፊዎቹ መሃል ፊቱን አጥቁሮ ይታየዋል። የገበሬዎች ማኅበሩ ስኮላርሺፕ ተጠራ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ተጠራ፤ ቤተሰብ ይነሳል፣ ይቀመጣል።

“የኛ ተራ መቼ ነው? ጉልበቴን እኮ አሟሙቄዋለሁ!” አለ ከእሳት አጥፊዎቹ አንዱ፣ ወፍራሙ ዱዌን፤ ሰዉ ሳቀ።

ወይዘሮ ቶርሰን የመጨረሻውን ጠርታ “በሉ፣ ውጪ ሳንድዊችና የሎሚ ጭማቂ አለላችሁ” አለች። ኮርቢን ተገላገልኩ አለ። ደስታ ግን አልመጣለትም።

“አንድ ቀርቷል።”

ቨርሊን ቆሟል።

“ቨርሊን...” አለች ሴትየዋ፣ ኮርቢንን በጭንቀት እያየች።

“የልጄ ቀርቷል። ለኔ ብሎ ነው ያስቀረው። ለኔ ከሆነ እንዲቀር አልፈልግም።” ከዚያ ዓይኑን ወደ ልጁ አነሳ። “አንተ ካልፈለግህ ግን አሁኑኑ እቀመጣለሁ። ትጠራው?”

ኮርቢን ጭንቅላቱን ነቅንቆ እሺ አለ።

“ለተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪ ተማሪዎች የሚሰጠው ስኮላርሺፕ” አለች ወይዘሮ ቶርሰን፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። “ኮርቢን ዌስትራ!”

ዱዌን ቀና ብሎ “እኛም እንነሳ እንዴ? ዘመድ አይደለንም እኮ” ሲል ጠየቀ።

“ተነስ፣ አንተ ጎታታ!” አለው ከጎኑ ያለው። ዱዌን ጉልበቱን እየረገመ ተነሳ። ሌሎችም ተነሱ። ከእሳት አጥፊዎቹ ሁለቱ ግን ጫማቸውን እያዩ ተቀምጠው ቀሩ።

ኮርቢን ወደ መድረኩ መሃል ወጥቶ እጁን ዘረጋ። የሚጨብጠው ሰው ግን አልነበረም። ሰጪዎቹ የሚኖሩት ሩቅ ነው፤ አይጠራም ስለተባሉም አልመጡም። ያ ሁሉ ሕዝብ እያየው እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፋው።

ቨርሊን የሰው ጉልበት እየገፋ፣ ይቅርታ እያለ መድረኩ ላይ ወጣና ያንን እጅ ያዘው።

“ባንተ አፍሬ አላውቅም” አለው ዝቅ ባለ ድምፅ። “ዛሬ ያፈርኩት በራሴ ነው። አባቴ ያፍርብኛል እያልክ ስትኖር ባለማወቄ።”

የኮርቢን እንባ ዱብ ዱብ አለ። ሰዉ ቆሞ ይጠብቃል፤ አባትየው ግን እጁን አልለቀቀውም።

“አባዬ፣ ወጉ እኮ ጨብጦ መልቀቅ ነው።”

“ዝም በል፤ ገና አልጨረስኩም።”