ወፍራለች የተባለችው ላም

የእንስሳት ሐኪሟ አውራ ጣቷን ላሟ ፍርምባ ላይ ተክላ ባለ በሌለ ኃይሏ ተጫነች። ጣቷን ስታነሳ እንቁላል የሚያስቀምጥ ጉድጓድ ቀረ።

"ይኸው ስብ!" አለ ባለቤቱ። "ወር ሙሉ እንደ ሙሽራ ቀልቤያታለሁ እኮ!"

"ጋሼ፣ ስብ እንዲህ አይሰረጉድም። ይሄ ውሃ ነው።"

ባለቤቱ ላሟን እንደ አዲስ አያት። ይህቺ ላም ስትታለብ የሰባት ጎረቤት ባልዲ አይበቃም ነበር፤ የሰፈሩ ድመት ሁሉ ዋና የለመደው በእሷ ወተት ነው። አሁን ግን አንገቷን ዘርግታ፣ የፊት እግሮቿን አንፈርክካ ቆማለች። የአንገቷ ደም ሥር እንደ መርከብ ገመድ ተገትሯል።

ሐኪሟ ማዳመጫውን ከላሟ ግራ ክንድ ሥር አስጠግታ ብዙ ቆየች፤ ከዚያ አውልቃ ለባለቤቱ ሰጠችው። የልብ ምት እሰማለሁ ብሎ ጠበቀ። የሰማው ግማሽ ውሃ ያለበት ጄሪካን ሲናጥ ነው።

"ሽቦ ውጣለች። ጨጓራዋን በስቶ ልቧን ያቀፈውን ከረጢት ወግቶታል፤ አመርቅዟል። እዚህ ከደረሰ መድኃኒት አይመልሳትም።"

"ሽቦ ከየት አባቷ ታመጣለች?"

"ከመጥረቢያህ ነዋ!" አለች ሚስቱ ከበሩ። "ፒንሳ ገዝቼ ሰቀልኩልህ። አንተ ሰውዬ ግን ያለ ተመልካች ሥራ አይሆንልህ!"

እውነቷን ነው። ድርቆሹ በሽቦ ታስሮ ነው የሚመጣው። እሱ እስሩን ገንዳው ላይ ያቆምና በአንድ ምት ይበጥሰዋል፤ ቁራጩ የት እንደገባ ጠይቆ አያውቅም። የሰፈሩ ሰው ያጨበጭብለታል። ላሟ ደግሞ የቀረበላትን ትበላለች።

"ስንት ጊዜ አላት?"

"ቢበዛ ጥቂት ሳምንት። ከተጫነችማ መንገድ ላይም ልትወድቅ ትችላለች።"

ያን ጊዜ ውጭ የጭነት መኪና ጡሩምባ ጮኸ፤ የበረቱ ቆርቆሮ ተርገፈገፈ። ታናሽ እህቱ ናት። "በመርፌ ማን አልፎለት ያውቃል? ላም ያዢ!" ብሎ የስፌት መኪናዋን ያሸጣት እሱ ነው። ዛሬ ላሟን ገዝታ ልትወስድ መጣች።

የሐኪሟን ክንድ ያዘ። "ዶክተር፣ በሞቴ፣ ዛሬን ብቻ ዝም በይልኝ።"

"ከጠየቀችኝ እናገራለሁ፤ ካልጠየቀችኝ አልናገርም። ላሟም የእርስዎ፣ እህትም የእርስዎ።"

እህቱ በሩን በትከሻዋ ገፍታ ገባች። "ወንድምዓለም! ኧረ ፍርምባዋን እዩልኝ! ያልከውን ያህል ወፍራለች እኮ! በዕድሜህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳትጨምር አወራህ ማለት ነው!"

ማንም አልሳቀም። እሷ ግን አላስተዋለችም፤ ከጉያዋ በመሐረብ የተቋጠረ ብር አውጥታ ዘረጋችለት። ሾፌሩ የመኪናውን የኋላ በር ከፍቶ "ጋሼ፣ ገመዱን ያቀብሉኝ!" አለ።

ሰውየው ቋጠሮውን አየ። ሚስቱ ከበሩ አልተነቃነቀችም። ላሟ አቃሰተች።

"ዝጋው" አለ በመጨረሻ።

"ምኑን?"

"መኪናህን። የሚጫን የለም።"

የእህቱ ፊት ተለዋወጠ። "ምነው? ደህና ገዢ መጣልህ? የስፌት መኪናዬን አሸጥተህ ላም አለኝ በሰማይ ልታደርገኝ ነው?"

ያን የተዘረጋ እጇን ከነቋጠሮው ወደ ደረቷ መለሰው፤ ከዚያ ወደ ሐኪሟ ዞረ።

"ዶክተር፣ ለእኔ ያልሽኝን ለእሷም ንገሪያት። አንዲት ቃል እንዳትቀንሺ።" ጉሮሮውን ጠረገ። "ሽቦውን ማን እንዳበላት ግን ለእኔ ተይልኝ፤ እኔው እነግራታለሁ።"