የጋሼ መቀስ ጠባይ

የሕክምና ተማሪ የተማረው በሽታ ሁሉ ራሱን ያመዋል ይባላል። የስብዕና ሥነ ልቦና ተማሪ ከዚያም ይብሳል፤ እሱን ምንም አያመውም፣ ዘመድ አዝማዱን ነው የሚያሳምመው። ትምህርቱ በተጀመረ በሳምንቱ ክፍሉ ውስጥ በደህና ስሙ የሚጠራ ሰው ጠፋ። አንዱ «ጭምት» ተባለ፣ አንዷ «ስጋት የሚበዛባት»፣ ኋላ ወንበር ላይ የሚያንቀላፋው ልጅ ደግሞ «ለአዲስ ነገር ዝግ»። ካፌ ውስጥ ሰልፍ ሰብሮ የገባ ተማሪ ሲኖር፣ ከኋላው የቆሙት በጠባይ መለኪያው ስንት ነጥብ እንደሚገባው ይከራከሩ ነበር። ድሮ «ባለጌ» ማለት ይበቃ ነበር።

ከሁሉም የባሰችው አንዲት የጸጉር አስተካካይ ልጅ ናት። ገና ፊደል ስትቆጥር አባቷ «ፕሮፌሰር» ብሎ ጠራት፣ ሰፈሩም በዚያው ቀረ። ጥያቄው ሳያልቅ እጇን የምታወጣ፣ ፈጣን ልጅ ናት። ቤት ውስጥ ከሷ በቀር ዩኒቨርሲቲ የረገጠ የለም፤ ስለዚህ ቴሌቪዥኑ እምቢ ሲልም፣ የመድኃኒት ብልቃጥ ላይ ያለው ጽሑፍ ሲያስቸግርም «ፕሮፌሰር ትየው» ይባላል። እሷም ታየዋለች። ባታውቀውም ታየዋለች፤ አላውቅም ማለት እንደ ነውር ሆኖባት ነው ያደገችው።

አባቷን ደንበኞቹ ጋሼ መቀስ ይሉታል። ሁለት ወንበር ያላት ጠባብ ሱቅ አለችው፤ አንዱ ወንበር የሱ፣ ሌላው የባልደረባው ነው። ባልደረባው ጸጉር ይቆርጣል። ጋሼ መቀስ ግን ጸጉር እየቆረጠ ሰው ያስቃል። ሁለተኛው ወንበር ባዶ ሆኖ እያለ ሰው «ግድ የለም፣ እጠብቃለሁ» ብሎ አሮጌ ጋዜጣ ይገልጣል። ራሰ በራ ሲገባበት ጋሼ መቀስ ምንም አይናገርም፤ ቶንዶሱን ያስቀምጥና ኪሱን እየዳበሰ መነጽሩን ይፈልጋል። ሱቁ በሳቅ ይፈርሳል፣ ራሰ በራውም አብሮ ይስቃል።

ኮርሱን የሚሰጡት መምህርት ድምፃቸው የሰለለ፣ ከፔርሙዝ ሙቅ ውሃ ጎንጨት እያሉ የሚያስተምሩ ሴት ናቸው። የሰጡት ሥራ ቀላል ነበር። «የምታውቁትን አንድ ሰው ምረጡ። መንፈቅ ዓመቱን ሙሉ ተመልከቱት። የሚለዋወጠውን ተዉት፣ የማይለዋወጠውን ጻፉልኝ። ስብዕና ማለት ሰው ዛሬም ነገም ይዞት የሚገኘው ነገር ነው።» ፕሮፌሰር ሳታቅማማ አባቷን መረጠች።

ጋሼ መቀስ ሲሰማ ደስታውን አልቻለውም። ጥያቄዎቹን ሱቅ ድረስ ሄዳ ስታነብለት እሱ የሰው አገጭ ይላጫል።

«ከሰው ጋር መሆን ያስደስትሃል?»

«ሰው ባልወድ ጸጉሩን ምን አስነካኝ?»

«በቀላሉ ትቆጣለህ?»

«አንቺ ልጅ፣ ምላጭ የያዘ ሰው እንዲህ ተብሎ አይጠየቅም!» አለና፣ ወንበሩ ላይ ያለው ሰውዬ በሳቅ ሲንቀጠቀጥ «ኧረ ተረጋጋ ወዳጄ፣ ጆሮህ እዚሁ ይቀራል» አለው።

ከዚያ ወዲህ ለገባ ለወጣው ወሬው ይኸው ሆነ። «ልጄ እኔን እያጠናች ነው። በስተርጅና ዩኒቨርሲቲ ገባሁላችሁ፣ ያውም መጽሐፍ ሆኜ!»

ይህ ሁሉ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነው። ከዚያ ሳቁ እየመነመነ ሄደ። መጀመሪያ ቤት ውስጥ ጠፋ፣ ቀጥሎ ሱቅ ውስጥ። ጠዋት ጠዋት አልጋው ጠርዝ ላይ ግንባሩን በመዳፉ ደግፎ ይቀመጣል፤ «ምን ሆንክ?» ሲባል «ምንም» ይላል። ከሱቁ አጠገብ ያለው ሥጋ ሻጭ፣ ዕድሜውን ሙሉ ሻይ አብሮት የጠጣው ወዳጁ፣ በድንገት ሞተ። እናቷ እያለቀሰች መጥታ ስትነግረው ጋሼ መቀስ «እሺ» አለ። ትንሽ ቆይቶም «ዳቦ አለ?» ብሎ ጠየቀ። ልጁን ፕሮፌሰር ብሎ መጥራትም ተወ። «አንቺ» ይላታል፣ እሱንም ሲያስፈልገው ብቻ። ይህ ልቧን ሰበረው።

እናቷ መጋረጃ ሰፊ ናት፤ ስፒል ከንፈሯ መሀል ሳይኖር ቀርቶ አያውቅም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ስፒሎቹን አንድ በአንድ ከአፏ አውጥታ ጨርቁ ላይ ሰካቻቸው።

«ይሄ ሰው ታሟል» አለች። «እኔ የማውቀው ባሌ አይደለም። ሐኪም ቤት እንውሰደው።»

ፕሮፌሰር በዚያ ሰሞን ስለ ጭምብል የሚያወራውን ምዕራፍ ነበር የምታነበው። ሰው በሥራና በአደባባይ የሚያጠልቀው ፊት አለ፣ ውስጡ ያለው ሌላ ነው የሚለውን። ምዕራፉ ገና ትኩስ ነበር፣ አፏ ላይ።

«እማዬ፣ አልታመመም። ትኩሳት የለው፣ ሳል የለው። ጠባዩ ነው።»

«ይሄን ሁሉ ዘመን የት ነበር ጠባዩ?»

«ተደብቆ ነዋ! ሱቅ ውስጥ የሚስቀው ለሥራው ነው። ሰው ዕድሜው ሲገፋ ማስመሰል ይደክመዋል፣ ጭምብሉን ያወልቃል። እውነተኛው አባዬ ይሄኛው ነው። እንቀበለው እንጂ በሽተኛ ብለን አናሸማቅቀው።»

እናትየው ባሏን ጠንቅቃ ታውቀው ነበር፤ ግን የምታውቀውን ነገር በምን ስም እንደምትጠራው አታውቅም። ልጇ ደግሞ ለሁሉም ስም አላት።

«እንግዲህ አንቺ ካልሽ» አለች በመጨረሻ። «የተማረ ይግደለኝ።» ስፒሎቿን ወደ ከንፈሯ መለሰች።

እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ፕሮፌሰርም በተናገረችው እርግጠኛ አልነበረችም። አባቷ የማይወዳት ልጅ ከመሆን ይልቅ አባቷ የገባት ልጅ መሆን ስለሚቀል ነው ያን ሁሉ ያወራችው። ደግሞ ሌላም ነገር ነበር፤ አንድ ቀን ብቻ፣ አውቶቡስ ውስጥ ቆማ፣ «ታሟል ከተባለ እኮ ጽሑፌ ይበላሻል» የሚል ሐሳብ በአእምሮዋ ሽው ብሎ አልፏል። ወዲያው አባረረችው። ማለፉን ግን ታውቃለች።

ብዙም ሳይቆይ ባልደረባው ቆቡን በእጁ እያሻሸ ቤት ድረስ መጣ። በሩ ላይ እንደቆመ «እትዬ፣ እንዴት ብዬ እንደምነግርዎት አላውቅም» አለ። የሆነው ይህ ነው፤ ጋሼ መቀስ ሱቅ ውስጥ የአንድ ነባር ደንበኛ ግማሽ ፊት ላጨ፤ ከዚያ ምላጩን ጠራርጎ አስቀመጠና ሄዶ መስኮቱ ሥር ተቀመጠ። ደንበኛው ቀልድ መሰለው። አረፋው ግማሽ ጉንጩ ላይ እየደረቀ፣ አፉን ለሳቅ አዘጋጅቶ ቀልዱ እስኪመጣ ጠበቀ። አልመጣም። የቀረውን የላጨው ባልደረባው ነው።

«መጠጥ ጀመረ እንዴ?» አለ ባልደረባው ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

እናትየው አፏን ከፈተች፣ ግን ቀድማ ወደ ልጇ ዞረች። ፕሮፌሰር ራሷን ነቀነቀች። ስለ ጭምብሉ፣ ስለ ድካሙ፣ ስለ እውነተኛው ማንነት እንደገና አስረዳች፤ በሁለተኛው ጊዜ ከመጀመሪያው ይልቅ አማረላት። ባልደረባው ጆሮውን አከከ።

«ጠባይ ከሆነማ ምን ይደረጋል። አመል ያወጣል ከመሀል አሉ» ብሎ ቆቡን አጥልቆ ሄደ። በሩ ሲዘጋ እናትየው ወደ ስፌት መኪናዋ ተመለሰች።

ጽሑፉ ጥሩ ሆነ። እጅግ ጥሩ። ፕሮፌሰር ያየችውን ሁሉ አንድም ሳታስቀር አስገባች፣ ግንባሩን የሚይዝበትን መዳፍ ሳይቀር። «ነበረ» የሚለውን ቃል ብቻ አላስገባችም። የማይለዋወጠውን ጻፉ ተብሎ የለ!

በመጨረሻው የትምህርት ሳምንት መምህርቷ የተማሪዎቹን ሥራ ታቅፈው ገቡ። «ዛሬ አንዱን አነብላችኋለሁ፤ ሰውን ማየት ማለት ምን እንደሆነ ስሙ» አሉ። ከመጀመሪያው ቃል ፕሮፌሰር የራሷ መሆኑን አወቀች፣ እስከ ጆሮዋ ድረስ ጋለች።

««ጠዋት ግንባሩን ደግፎ ይቀመጣል፤ ከቤተሰብ ወሬ መሸሻው ነው። የወዳጁን ሞት ሲሰማ ዳቦ ጠየቀ፤ ስሜቱ ጥልቀት የለውም። የጀመረውን አይጨርስም፤ የደንበኛ ግማሽ ፊት ላጭቶ ተቀምጧል።»»

ክፍሉ ሳቀ። መምህርቷም ፈገግ ብለው ሙቅ ውሃቸውን ጎንጨት አሉ።

«ድንቅ ሥራ ነው። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ። አባትሽ በወጣትነታቸውም እንዲህ ነበሩ?»

«አይ፣ ድሮማ ተጫዋች ነበር!» አለች ፕሮፌሰር፣ የምታውቀው ጥያቄ ስለመጣላት ደስ ብሏት። «ኮርሱን ስንጀምር እንኳ ሱቁን በሳቅ ያፈርሰው ነበር። ጭምብሉን ያወለቀው በቅርብ ነው።»

የፔርሙዙን ክዳን ሊገጥሙ የነበሩት መምህርት እጃቸው ቆመ።

«በዚህ መንፈቅ ዓመት ውስጥ?»

«አዎ።»

«ልጄ» አሉ መምህርቷ፤ የሰለለው ድምፃቸው ይበልጥ ዝቅ አለ። «ያን ያህል ዘመን የኖረ ሰው በመንፈቅ ዓመት ሌላ ሰው አይሆንም። ይህ ጠባይ አይደለም። ሐኪም አይቷቸዋል?»

የሚያንቀላፋው ልጅ ሳይቀር ቀና ብሎ አያት። ፕሮፌሰር ተነሳች። ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣች፤ ጽሑፉ መምህርቷ እጅ ላይ ቀረ።

ቤት ስትደርስ እናቷ ስፌት ላይ ነበረች። «እማዬ፣ ሐኪም ቤት እንሂድ። አሁኑኑ» አለቻት፣ ትንፋሽ እያጠራት። እናትየው ለምን ብላ አልጠየቀችም። ተነስታ ከበሩ ጀርባ አንድ ቦርሳ አወጣች። ፎጣ፣ ሳሙና፣ የባሏ የሌሊት ልብስ፣ ሁሉም ተጣጥፎ ገብቷል። ቦርሳው ተዘጋጅቶ የልጅቷን ቃል ሲጠብቅ እንደከረመ ፕሮፌሰር ገባት።

ሐኪሙ ዓይኑ በእንቅልፍ እጦት የቀላ ወጣት ነው። «መቼ ጀመረው?» ብሎ ሲጠይቅ እናትየው እያለቀሰች ወደ ልጇ ዞረች። ፕሮፌሰር ተናገረች። ሳቁ መጀመሪያ የት እንደጠፋ፣ የግንባሩን ነገር፣ ዳቦውን፣ ግማሹን ፊት፣ በየተራው፣ ሳታምታታ ዘረዘረችለት። ሐኪሙ መጻፉን ትቶ ቀና አለ።

«እንዲህ አስተካክሎ የሚነግረኝ ቤተሰብ አጋጥሞኝ አያውቅም። ምንድነው የምትማሪው?»

እናቷ መለሰችላት፣ ከልማድ በመጣ ኩራት፣ ዓይኗን እየጠረገች። «ሥነ ልቦና ነው የምትማረው፣ ዶክተር።»

ምርመራው ከግንባሩ አጥንት ጀርባ ሎሚ የሚያህል ዕጢ አሳየ። ቀስ ብሎ ያደገ፣ በነዚህ ወራት ግን የፈጠነ ነው አለ ሐኪሙ። አነስ ሳለ ቢመጡ ኖሮ ይወጣ ነበር፤ አሁን ግን ቢነኩትም አደጋ ነው፣ ባይነኩትም ያው ነው። እናትየው «የእግዜር ሥራ ነው» አለች፤ ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ ወደ ልጇ አልዞረችም። ቁጣ አልነበረም። ብትዞር ኖሮ ፊቷ ላይ ምን እንደሚነበብ ፈርታ ነው። ፕሮፌሰር ቁጣውን በወደደች።

ከዚያ በኋላ ሐኪም ቤት በተኛባቸው ቀናት ጋሼ መቀስ ጺሙ አደገ። የሰውን ጺም ሲያሳምር ለኖረ ሰው ነውር ነው ብላ ልጁ ከሱቅ ብሩሹንና መላጫውን አመጣች። ፀሐይ ከመስኮቱ ገብታ አልጋው ላይ አርፋለች። አረፋውን ቀባችው፣ ሲያደርግ እንዳየችው ቆዳውን በጣቷ ወጥራ አንዱን ጉንጭ በቀስታ ላጨች። እሱ እጇን በዓይኑ ተከተለ። ከዚያ ፊቱ ላይ አንድ ነገር በራ፣ የድሮው ፈገግታ ይሁን ወይም እሷ መስሏት ይሁን መለየት አልቻለችም።

«ሲስተር» አላት፣ በአክብሮት። «ብዙ አይድከሙ። ልጄን ይጥሯት። ዩኒቨርሲቲ ነው የምትማረው።»

መላጫው ጉንጩ ላይ ቆመ።

«የኔን ነገር እሷን ይጠይቋት» አለ ጋሼ መቀስ። «እሷ ታውቃለች። አጥንታኛለች።»

ግማሹ ፊት ገና አረፋ ነበር። ፕሮፌሰር ምላጩን ውሃው ውስጥ ነክራ አራገፈችው።

«እሺ፣ አባባ» አለችው። «እጠይቃታለሁ።»

የቀረውንም ላጨችው።