እጅ ሳይነሳ፣ ወረቀት ሳይታይ

ተተኪ መምህር ሆኖ የማያውቅ ሰው "ልጅ አውቃለሁ" ባይል ይሻለዋል። እኔ ሄርሜሊንዳ ቹንጋ ጸጉሬ የሸበተው በዚሁ በፓይታ ወደብ ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት እየዞርኩ፣ የወለደችውን፣ የታመመችውን፣ ከባሏ ተጣልታ የጠፋችውን መምህርት ሁሉ ስተካ ነው። አዲስ ክፍል ስገባ ልጆቹ የሚያዩኝ ፔሊካን የሚባለው የባሕር ወፍ ዓሣ የጫነ ጀልባ እንደሚያየው ነው። ቢሆንም እስከ ዛሬ የበላኝ የለም።

የተተኪ መምህር ጠላቱ ሰነፍ ተማሪ እንዳይመስላችሁ። ሰነፉ ቢያንስ አንገቱን ደፍቶ ይቀመጣል። ነፍስ የሚያወጣው ቀድሞ የሚጨርሰው ነው! እጁን ይበላዋል፤ የጎረቤቱን ደብተር ይጎትታል፣ ወንበር ያንኳኳል፣ "ቲቸር ጨርሻለሁ! አሁንስ ምን ልሥራ?" እያለ ይነዘንዛል። መድኃኒቱ ቀላል ሥዕል ነው። እጅህን ወረቀቱ ላይ አድርገህ ዙሪያውን አስምር፣ ውስጡን አበባ ሙላው። ዓይንህን ጨፍነህ ሞነጫጭር፣ ከዚያ ከሙጭርጭሩ ውስጥ አውሬ ፈልግ። ወዲያው ሰላም ይወርዳል።

መምህርት ኔሊዳ ስትወልድ አራተኛ "ቢ"ን ሰጡኝ። ግድግዳው ላይ በእሷ እጅ "ቀድሞ የጨረሰ ይስላል" ተብሎ የተጻፈ ወረቀት ተለጥፏል። እሰይ፣ ሐሳባችን ገጠመ አልኩ። ጊዜውም የነጻነት በዓል የደረሰበት ነበር። በዓሉ ሲመጣ እያንዳንዱ ክፍል የግድግዳ ጋዜጣ ይሠራል፤ የልጆቹ ሥዕል ስማቸው ተጽፎበት ትልቅ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል፣ ሰሌዳዎቹ ግቢ ውስጥ ይደረደራሉ፣ አርብ ወላጅ ሁሉ መጥቶ ያያል፣ አሸናፊው ክፍል ይሸለማል።

መስኮቱ ሥር የምትቀመጥ ዙሌማ የምትባል ልጅ አለች። አባቷ መረብ ይጠግናል፣ እናቷ ዓሣ ገበያ ትሠራለች። ይቺ ልጅ ስትጽፍ እያንዳንዱን ፊደል የምታወርደው ክር በመርፌ ቀዳዳ እንደሚያሾልክ ሰው ነው። ያደረገችው ሁሉ ልክ ነው፤ ግን ደወል ሲደወል ገጹ ገና ግማሽ ነው። ስለዚህ ቀድማ ጨርሳ አታውቅም፤ ቀድማ ስለማትጨርስ ደግሞ አንድም ቀን ስላ አታውቅም። ግድግዳው በልጆች ሥዕል ተሞልቷል፣ የእሷ ስም ብቻ የለም።

በዕረፍት ሰዓት አስቀርቼ ጠየቅኳት።

"ቲቸር፣" አለችኝ ጫማዋን እያየች፣ "አርብ እናቴ ስትመጣ ስሜን የት ብላ ትፈልገው?"

አንጀቴን በላችው። "በይ እንኪ ወረቀት፣ አሁኑኑ ሳይ።"

"አልፈልግም።"

"ለምን?"

"ሳልጨርስ ብስል አንሄሎ 'በልመና ነው' ይለኛል።"

አንሄሎ ሁልጊዜ አንደኛ የሚጨርሰው ልጅ ነው፤ ግማሹ ግድግዳ የእሱ ነው። ደሜ ፈላ። ሄጄ ያንን ጽሑፍ ከግድግዳው ላይ ላጥኩት። "ነገ ማንም ምንም ሳይጨርስ ሁሉም ይስላል!" አልኳት።

በማግስቱ ለሁሉም ወረቀት አደልኩ። "አንድ ሰው ምረጡና እዩ። እርሳሱ ከወረቀቱ አይነሳም። ወረቀቱን ማየት የለም፤ ዓይናችሁ ሰውየው ላይ ብቻ ነው። ዓይናችሁ ፊቱ ላይ እንደ ጉንዳን ቀስ እያለ ይሂድ፣ እርሳሱም ከጉንዳኑ እኩል ይሂድ። የቸኮለ ያበላሻል።"

ተናግሬ ሳልጨርስ አንሄሎ "ቲቸር ጨርሻለሁ!" አለ።

አየሁት። ጆሮ ያበቀለ ድንች።

"ይሄ ማነው?"

"እርስዎ ነዎት።"

"ምን በድዬህ ነው ድንች ያደረግኸኝ?"

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። "የቸኮለች አፍሳ ለቀመች፤ ድገም!" ብዬ ሌላ ወረቀት ሰጠሁት። ሌሎቹም ፈጣኖች ተራ በተራ ድንች፣ ዱባና ካልሲ አመጡልኝ። ዙሌማ ግን ገና የምትስለውን ሰው እየመረጠች ነበር።

ያኔ በሩ ተበረገደ። ሴኞራ ሮክሳና! የአንሄሎ እናት፣ የወላጅ ኮሚቴ ሊቀመንበር፣ ወደቡ ዳር ያለው ትልቁ ዓሣ ቤት ባለቤት። ከጀርባዋ ያመጣት የባለሦስት እግር ታክሲ ነጂ ትልቅ ፌስታል ተሸክሟል። ከፒውራ ከተማ ተቆርጦና ተቀልሞ ያለቀ የስፖንጅ ጌጥ አስመጥታለች፤ ፊደሉም፣ ባንዲራውም፣ ላማ የሚባለው የአገራችን እንስሳም ሳይቀር አለበት።

"ዘንድሮ ሰሌዳው በዚህ ነው የሚያጌጠው!" አለች፣ አንድ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ። "አምና በልጆች ሙጭርጭር መጨረሻ ወጥተን የወደቡ መሳቂያ ሆነናል!"

"እትዬ ሮክሳና፣ ጋዜጣው እኮ የልጆች ነው።"

"ቲቸር፣ አንቺ ተተኪ ነሽ፣ ነገ ትሄጃለሽ! እኛ ግን እዚሁ ነን!"

"እስክሄድ ድረስ ክፍሉ የእኔ ነው!"

ወይ ያቺ ሴት! ስለ አምናው ሰሌዳ፣ ስለ ጣሪያው፣ ስለ ሽንት ቤቱ ውኃ፣ ስለ ዛሬ ዘመን መምህራን አንድ በአንድ አወረደችው። እኔም አልተኛሁላትም። ልጆቹ አፋቸውን በደብተር ሸፍነው ይስቃሉ። በመጨረሻ ፌስታሉን ጠረጴዛዬ ላይ ጥላ ወጣች።

ዞር ስል ዙሌማ እርሳሷን ከወረቀቱ ላይ አነሳች።

ሄጄ አየሁና ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ። ሥዕሉ አንድ መስመር ብቻ ነው። አንዱ ዓይን ከቅንድቡ በላይ ወጥቷል፣ ክርኗ ከወረቀቱ አምልጧል። ግን ሮክሳና ናት! ያ ወደ ሰማይ የተቀሰረ አገጭ፣ ያ ወገብ ላይ ያለ እጅ፣ ያ የማይዘጋ አፍ! እንባዬ እስኪወርድ ሳቅኩ፤ ከዚያ አቅፌ ሳምኳት። ከሥሩ ስሟን ስትጽፍ ሌላ ሩብ ሰዓት ፈጀባት፤ እኔም ጠበቅኳት።

ሐሙስ ዕለት ዳይሬክተሩ ዶን አኒባል ሰሌዳችንን ሊያይ መጣ። ስፖንጁ መሃል ላይ፣ የልጆቹ ሥዕል ዳር ዳር ይሁን አለ። የዙሌማን ሥዕል ሲያይ ግን ላብ አጠመቀው።

"በስመአብ! ይሄ ይውረድ። ጣሪያውን ያስጠገነችልን ማን ሆነችና?"

"እሷን መምሰሉ ነው ጥፋቱ?"

"ጥፋቱማ በጣም መምሰሉ ነው! ሄርሜሊንዳ፣ እንጀራሽን ከፈለግሽ አውርጂው።"

ዙሌማ ሰምታለች። አላለቀሰችም፤ ወረቀቷን ተቀብላ ደብተሯ ውስጥ ከተተችና ደብተሯን ደረቷ ላይ ለጠፈች። ከማልቀስ የባሰ ነው። ያን ጊዜ ቆረጥኩ። እንጀራ ከሆነ ሌላ ትምህርት ቤት ሌላ መምህርት ትወልዳለች! አርብ ጠዋት ሥዕሉን ተቀበልኳትና መሃል ላይ፣ ከስፖንጁ ላማ ራስ በላይ አስጠግቼ ለጠፍኩት።

ግቢው በሰው ሞላ። የሌሎቹ ክፍሎች ሰሌዳ ሁሉ በስፖንጅ ያብረቀርቃል፤ ሰው አየት አድርጎ ያልፋል። የእኛ ጋ ሲደርስ ግን ይቆማል።

"ኧረ እቺን እዩዋት! ራሷ ናት!"

"አፏን! አፏን እዩልኝ!"

"እማዬ ናት!" ብሎ ጮኸ አንሄሎ። "ስትቆጣኝ ልክ እንዲህ ናት!"

በሳቁ መሃል ሴኞራ ሮክሳና ሰው እየገፋች መጣች። ዶን አኒባል ፊቱ አመድ መስሎ ሥዕሉን ሊገነጥል እጁን ዘረጋ።

"ተወው!" አለች። ቀረብ ብላ ዓይኗን ሥዕሉ ላይ ተከለች። "ማነው የሳለው?"

በዙሌማ ፈንታ ልመልስ አፌን ስከፍት ልጅቷ ራሷ ወደፊት ወጣች።

"እኔ ነኝ፣ እትዬ።"

"ይሄንን ለመሳል ስንት ሰዓት ፈጀብሽ?"

ዙሌማ እንደ ልማዷ ረጋ ብላ አሰበች።

"እርስዎ ተናግረው እስኪጨርሱ ድረስ።"

ግቢው ፈነዳ! የሙዝ ጥብስ ሻጩ ሳይቀር ትሪውን ጥሎ ሳቀ። ሮክሳና አፏን ከፈተች፤ አፏ ደግሞ ቁርጥ ሥዕሉን! ይሄን ጊዜ ራሷም ታወቃት መሰለኝ፣ ሆዷን ይዛ መሳቅ ጀመረች። ስትስቅ ስትስቅ ቆየችና በገዛ እጇ ላማውን ከሰሌዳው ነቀለችው።

"ይሄን ወዲያ ውሰዱልኝ፣ የልጅቷን ስም ጋርዶታል!"

ባንዲራውንም፣ ፊደሎቹንም ነቃቀለቻቸው። ዳር ዳር በጌጡ ተጋርደው የነበሩት ድንቹም፣ ዱባውም፣ ካልሲውም ብቅ አሉ፤ እያንዳንዱ እናት የራሷን ልጅ ድንች ፍለጋ ተጋፋች። ዳኞቹ ሽልማቱን ለአራተኛ "ቢ" ሲሰጡ የተቃወመ አልነበረም። ዶን አኒባልም እጄን ጨብጦ "እኔ መጀመሪያውኑ ወድጄው ነበር" አለኝ። የምጣላበት ጉልበት አልነበረኝም።

ከዓሣ ገበያ ሽርጧን እንኳ ሳትፈታ የመጣች አንዲት ሴት ሰውን በክርኗ እየሰነጠቀች ሰሌዳው ፊት ደረሰች። ጣቷን ከሥዕሉ ሥር አድርጋ ፊደል በፊደል፣ ቀስ ብላ፣ አንድም ሳትዘል አነበበች። ከዚያ ዞር ብላ ወደቡ እስኪሰማ ድረስ ጮኸች።

"የእኔ ልጅ ናት! ዙሌማ የእኔ ልጅ ናት!"