የአራሚዋ ፊርማ

እኔ አራሚ ነኝ። ጋዜጣችን ላይ የእኔ ፊርማ ያላረፈበትን ገጽ ማተሚያ ቤቱ አይነካውም። ሃያ ስድስት ዓመት ስፈርም ይህን ያህል ኃይል በእጄ እንዳለ ልብ ብዬ አላውቅም ነበር።

ጓደኛዬ የሴቶች ዓምድ አዘጋጅ ነበረች። የቢሮው ወንዶች «እመት ጭቅጭቅ» ይሏታል። እውነታቸውን ነው፣ ትጨቃጨቃለች! ዜና ላይ «የነጋዴው ሚስት»፣ «የሾፌሩ እናት» የሚል ካየች ጸሐፊው ጠረጴዛ ላይ ጉብ ነው። «ምነው፣ እሷ ሥራ የላትም? ሂድና ጠይቃት!» ስንቱን ሪፖርተር ምሳውን ሳይጨርስ አስነስታዋለች። እንዲህ ስትነታረክ ኖራ ነርሷን ነርስ፣ ግንበኛዋን ግንበኛ አስባለች። ሴቶቹ ስለ ራሳቸው የወጣውን ቆርጠው ግድግዳቸው ላይ ይለጥፉት ነበር።

ማክሰኞ አረፈች። ረቡዕ ከምሳ በኋላ የፊት ገጹ ለእርማት መጣልኝ። ርዕሱን ሳነብ ደሜ ፈላ፦ «የዕውቁ የልብ ሐኪም ባለቤት አረፉ።»

ገጹን ይዤ ዋና አዘጋጁ ቢሮ ዘው አልኩ። ጀማሪ ሆኖ ሲመጣ ዜና አጻጻፍ ያስተማረችው እሷ ናት።

«ይሄ ምንድነው?»

«ሐኪሙን አገር ያውቃቸዋል። እንዲነበብ ብዬ ነው።»

«እሷንስ ማን አያውቃትም? አልፈርምም!»

«ስምንት ሰዓት ላይ ማሽኑ መነሳት አለበት። እምቢ ካልሽ ነገ ሌላ አራሚ እቀጥራለሁ።»

«ቅጠር! ዛሬ ግን እኔ ነኝ።»

አፌ ደፈረ እንጂ ጡረታ ለመውጣት የቀረኝ ሁለት ዓመት ብቻ ነው።

ለስምንት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲል በሩ ተንኳኳ። ባሏ ናቸው፣ ሐኪሙ። ዓይናቸው አብጦ፣ ለጋዜጣው የሚሆን ፎቶዋን ይዘው መጡ። አለቃዬ «እግዜር ያጽናዎት» እያለ ሲነሳ እኔ ገጹን ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ። ደግመው አነበቡ።

«አይ ልጄ፣ ተሳስተሃል» አሉት። «በሽተኞቼ እኮ ‹የጋዜጠኛዋ ባል ጋ ነው የምንታከመው› ነው የሚሉት። ሠላሳ ዓመት በዚህ ኮርቼ ኖሬ፣ በሞቷ ማግስት ልትነጥቀኝ ነው? የእሷን ሥራ ጻፉ። እኔን ቦታ ከተረፈ ከታች አስገቡኝ።»

አለቃዬ አንገቱን ደፋ። ርዕሱን ሰረዘና በገዛ እጁ ጻፈ፦ «ሴቶችን በሥራቸው ያስጠሩት ጋዜጠኛ አረፉ።»

«እኔንም እኮ ያስተማረችኝ እሷ ናት» አለ፣ ገጹን ወደ እኔ እየገፋ።

ፈረምኩ። ማሽኑ በሰዓቱ ተነሳ። ትኩስ ወረቀቱ ሲወጣ ሳይ አላስቻለኝም፣ እልልታዬን ለቀቅኩት።

ማሽን አንቀሳቃሿ ደንግጣ ዞረች። ይቺ ልጅ የጓደኛዬን ዓምድ እያነበበች አድጋ ለዚህ ሥራ ያመለከተች ናት።

«እትዬ፣ በለቅሶ እልል ይባላል እንዴ?»

«ለእሷ ይባላል!» አልኳት።

እሷም እልል ብላ ተቀበለችኝ።